ሦስቱ የሲሊከን ክቦች

ሦስቱም የሲሊከን ክቦች ከእጥበት ባዶ ሆነው ወጡ። መስመር የለ፣ ቅርጽ የለ፤ እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ።

የልጅቷ አጎት አንዱን በመቆንጠጫ አንስቶ ከጋሽ ብሎን አፍንጫ ሥር ደቀነው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ ሲሉኝ የከረሙት ለዚህ ነው?»

«ማሽኑ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው ቴክኒሻን። «በእጄ ነው የገጠምኩት።»

«እጅዎ አርጅቷላ! ገዢው ነገ ጠዋት ይመጣል፣ ምን ላሳየው? በቃ፣ ከነገ ጀምሮ አይምጡብኝ።»

ጋሽ ብሎን ጋውናቸውን አውልቀው ሰቀሉና ወጡ።

ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ አየቻቸው። በቁጣዋ የተነሳ አጎቷ «ክብሪት» ይላታል፤ ዛሬ ግን ደብተሯን ከጀርባዋ ደበቀች።

አጎቷ ያገለገሉ የቺፕ መሥሪያ ማሽኖችን ገዝቶ፣ አድሶ ይሸጣል። ይሄኛው ስስ የሲሊከን ክብ ላይ ፈሳሽ ጠብ ያደርግና እያሽከረከረ ያለብሰዋል። ፈሳሹ ብርሃን አይችልም፤ ብርሃን የነካው ቦታ ኋላ ሲታጠብ ተጠርጎ ይሄዳል፣ ያልነካው ቅርጽ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ፈሳሹን ከማይጎዳው ቢጫ መብራት በቀር ምንም አይበራም። ይህን ከሦስተኛ ክፍል ጀምራ ታውቃለች።

ጣጣው የመጣው በኬሚስትሪ ደብተሯ ነው። ለፈተናው ዋና ዋናውን ሁሉ በቢጫ ማድመቂያ ቀብታዋለች። በቢጫ መብራት ሥር ደግሞ ቢጫ ቀለም ይጠፋል። ጠዋት ክቦቹን እየጠበቀች ስታነብ የቱን እንዳሰመረች አልለይ አላት። በገነች። የስልኳን ባትሪ አብርታ መደርደሪያው ላይ አቆመችው፤ ፈሳሹን የለበሱት ሦስቱ ክቦች አጠገብ። አምስት ደቂቃ። ቢበዛ ሰባት።

«አጎቴ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ክቦቹን። አጠገባቸው ስልክ አበራሁ። ጋሽ ብሎን ምንም አላጠፉም።»

አፈጠጠባት። ስድብ ጠበቀች፤ እሱን ግን ሳቅ አመለጠው። «ታዲያ ማሽኑ ደህና ነው ማለት ነዋ! አንቺ እብድ፣ ልቤን ልታቆሚው ነበር እኮ። በይ ሌላ ሦስት አምጪ።»

«ጋሽ ብሎንስ?»

«ምን ሆኑ?»

«ደውልላቸዋ! ይቅርታ በላቸው።»

ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። «የተፋሁትን ምራቅ መልሼ ልላስ? ሽማግሌ ናቸው፣ ትንሽ ይረፉ። ንዴታቸው ሲበርድ እናያለን።»

«ያባረርካቸው እኮ በእኔ ጥፋት ነው!»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ጥፋትሽን በሆዴ ይዤልሻለሁ፣ ለእናትሽም አልነግርም። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?»

ውለታ መዋሉ ነው። ስድቡ በስንት ጣዕሙ! ዝም ብትል ፈተናዋን በሰላም ትፈተናለች፣ አጎቷም ማሽኑን ይሸጣል፣ ጋሽ ብሎን ደግሞ እጃቸው አርጅቷል እንደተባሉ ይቀራሉ።

«ክቦቹን አምጪ አልኩሽ እኮ!»

ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ራስህ አምጣ። እኔ ጋሽ ብሎን ቤት ልሄድ ነው።»

«ሄደሽ ምን ልትዪ?»

«የሆነውን።»

«ክብሪት! ገዢው ነገ ነው የሚመጣው! ብቻዬን ልጨርሰው ነው?»

ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።