የሚሊሜትር ቴፕ መዘርጊያ

«ከጠረጴዛው ራቂ» አለ አባቷ። «ዛሬ ማንም ምንም አይይዝልኝም።»

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸችና እጆቿን ከጀርባዋ አጣመረች። ካላጣመረቻቸው ሄደው መያዛቸው አይቀርም። በረጅሙ የሥራ ጠረጴዛ ቀኝ ጫፍ ላይ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ስትገጣጥመው የከረመችው መሣሪያ ቆሟል። ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከተሰበረ አልጋ የተቆረጡ ሁለት ጣውላዎች፣ በመካከላቸው አሮጌ የመጋረጃ ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ ደግሞ ክንድ የሚያህል ስፋት ያለው የቴፕ ጥቅል። ጥቅሉ እንዳሻው እንዳይሽከረከር ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ጎኑን ጫን ብሎ ይይዘዋል። ከፊት ለፊት የብረት መጋዝ ስለት በሁለት ብሎን ታስሯል፤ ቴፑ የሚቆረጠው በእሱ ነው።

አባቷ ማስታወቂያ ሠሪ ነው። ፊደሎቹን ከስቲከር ላይ ማሽን ይቆርጣቸዋል፤ ትርፉ ይላጣል፤ ከዚያ ሰፊው ማንሻ ቴፕ ከላይ ይለጠፍና ፊደሎቹን አንድ ላይ፣ ቦታቸውን ሳይስቱ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ያሳርፋቸዋል። ችግሩ ቴፑን መዘርጋት ሁለት እጅ መፈለጉ ነው። አንዱ እጅ ጥቅሉን ይዞ ሌላው ይስባል። ለአፍታ ከላላ ቴፑ ራሱን በራሱ ይለጥፍና የቀኑ ልፋት ገደል ይገባል። የአባቷ ግራ እጅ ደግሞ ከአምስት ወር በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ጭኑ ላይ ተጋድሞ ከመዋል ያለፈ ሥራ የለውም።

አባቷን ሰፈሩ «ሚሊሜትር» እያለ ነው የሚጠራው። አንድ ጊዜ ተሰቅሎ ያለቀ ሰሌዳ ላይ አንዲት ፊደል ወረድ ብላለች ብሎ፣ መሰላል ተሸክሞ ሄዶ ሰሌዳውን አውርዶታል። ባለቤቱ ለመነው፣ ተቆጣው፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች። ሆስፒታል ውስጥ ራሱን ሲያውቅ እንኳ መጀመሪያ ያለው ነገር የክፍሉ ቁጥር ጠማማ መሆኑን ነው።

አሁን እናቷ የሱቁን ቁልፍ ለአከራዩ ልትመልስ ነው። ክፉ ሆና አይደለም፤ ደክሟት ነው። ባለፈው ሳምንት አባቷ «አንድ ሰሌዳ ብቻዬን ከሠራሁስ?» ሲላት፣ «ብቻህን ከሠራህ ቁልፉ ካንተ ጋር ይቀራል። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት መጥቼ አያለሁ» አለችው። ቅዳሜ ዛሬ ነው። ሰዓቱ አምስት ተኩል አልፏል።

ሰሌዳውን ያዘዙት ጎረቤታቸው ጋሽ ጎማ ናቸው። ለመሣሪያው ከመነዳሪውን የሰጡትም እሳቸው ናቸው። «ብትበላሽም ግድ የለኝም፣ ብቻ ይሥራት» ብለው ለልጅቷ በጆሮዋ ነግረዋታል። ጠረጴዛው ላይ ቀያይ ፊደሎች ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግተዋል፦ ወንድማማቾች የመኪና ጎማ ጥገና።

ትናንት በተጣሉ ፊደሎች ላይ ሞክረውት ነበር። አባቷ ቴፑን ከቀኝ ጫፍ ስቦ ስቦ መሃል ሲደርስ አቆመና «አለቀ» አለ። ግማሹ ፊደል አልተሸፈነም። ልጅቷ ላስቲኩ ጥቅሉን አጥብቆ ይዞት፣ አባቷም ጉልበት አንሶት፣ ያንንም ላለማመን የዋሸ መስሏት ነበር።

«ያዘብህ አይደል?» አለችው ያኔ።

«ማን ይዞኝ? እንደ ቅቤ ነው የሄደው። አንቺ ኢንጂነር፣ ጥሩ ሠርተሻል።»

አላመነችውም። ቤት ሳይገቡ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፣ ላስቲኩን በካቻቢቴ አላላችው፣ ጥቅሉን በአንድ ጣት እየገፋች አሥር ጊዜ ሞከረችው። ምንም አይዝም።

ዛሬ አባቷ በቀኝ እጁ የቴፑን ጫፍ ያዘና ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። ቴፑ ያለ ድምፅ፣ ሳይጨማደድ ተከተለው። «ጥገና» ተሸፈነ። «ጎማ» ተሸፈነ። በ«ጎማ» እና በ«የመኪና» መካከል እጁ ቆመ። የቴፑን ጫፍ እዚያው ጫን አድርጎ ለጠፈ፣ በክርኑ እየጠበቀ ቴፕ በሚታሽበት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ወደ ቀኝ አሸ፣ አረፋ እንኳ አልተወም። ከዚያ ስለቱ ላይ ቀጭ አድርጎ ቆረጠው።

«አለቀ» አለ። ግንባሩ አልቦታል። «እዪው እንግዲህ። አንድ ሽብሽብ ካገኘሽ ስሜን ቀይሪው።»

ሽብሽብ አልነበረውም። እንዲህ የተስተካከለ ሥራ ከመታመሙም በፊት ሲሠራ አላየችም።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጽሑፉ ምን ይላል?»

«ማንበብ ረሳሽ እንዴ?»

«እንዲያው ንገረኝ።»

ፊደሎቹን አየ፤ አየና ፈገግ አለ። «ጎማ ጥገና ነዋ። ጋሽ ጎማ ከዚህ ሌላ ምን ያጽፋሉ?»

ልጅቷ ያልተላጨ ግራ ጉንጩን አየች። ጠዋት ጢሙን በቀኝ በኩል ብቻ ላጭቶ ሲወጣ እናቷ «ግማሽህ ሙሽራ፣ ግማሽህ ሽፍታ» ብላ ስቃበት ነበር፤ እሷም አብራ ስቃለች። ማታ ማታ ከሳህኑ ላይ የግራውን ግማሽ ምግብ ይተወዋል፤ እናቷ አልጣመው ብሎ ነው ብላ ትቀየማለች። ግራ ትከሻው ደግሞ ከበር መቃን ጋር እየተጋጨ ሁልጊዜ በልዟል። ይህ ሁሉ ሲሆን እነሱ አምስት ወር ሙሉ እጁን ነበር የሚያዩት። እጁ ትናንት ተንቀሳቀሰ ወይ፣ ዛሬ ጣቱን አጠፈ ወይ ሲሉ፣ ዓይኑን ማን ይጠይቀው? ዓይኑማ ደህና ነበር። የጠፋው ግራ የሚባለው ነገር ራሱ ነው፤ በግራው ያለ ነገር ሁሉ ለእሱ የለም።

ይህን በላስቲክና በብሎን የምታስተካክለው አይደለም።

«ለእናትሽ ደውይና ጥሪያት» አለ አባቷ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ዘረጋ። ፊቱ እንዲህ ሲበራ ካየችው ስንት ጊዜ ሆኗታል? «ሚሊሜትር ተመልሷል በያት።»

«ራሷ ትመጣለች። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የቀራት።»

አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ደቂቃም ይበቃል። ልጅቷ ከጥቅሉ ላይ በቂ ቴፕ ሳበች፣ ቆረጠችው፣ በሁለት እጇ ወጥራ በአባቷ ፊት አለፈችና በግራው በኩል ቆመች። ቴፑን ከ«ወንድማማቾች የመኪና» በላይ ይዛ አንጠለጠለችው። ተደብቃ አይደለም፤ እዚያው አፍንጫው ሥር ናት። አባቷ ግን የራሱን ግማሽ እያየ፣ የሚያውቀውን አንድ ዜማ በከንፈሩ ያፏጫል። የት ሄድሽ እንኳ አላላትም።

ብትለጥፈው ማንም አያውቅም። እናቷ ቁልፉን ትተውለታለች። ሰኞ ግን እሷ ትምህርት ቤት ናት። ማክሰኞም። የሰው ሰሌዳ በግማሽ እየተሰቀለ፣ ሰው መሳቅ ሲጀምር፣ እሱ ለምን እንደሚስቁበት ሳይገባው እዚህ ይቀመጣል። ሚሊሜትር የሚለው ስም ያን ጊዜ ስድብ ይሆናል።

እጆቿ ዛሉ። ቴፑ ታጥፎ ራሱን ለጠፈ፤ አጨማድዳ ጣለችው። ዞራ በቀኙ በኩል መጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እጅህን ስጠኝ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ስጠኝ ብቻ።»

ቀኝ እጁን ይዛ በፊደሎቹ ላይ ወደ ግራ ወሰደችው፤ ቴፑ ያለቀበትን ጠርዝ አሳለፈችው። ጣቶቹ የስቲከሩን ጫፍ ሲነኩ ፉጨቱ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ፊደል የቆረጠ እጅ ነው። ጥፍሩ አንዷን ፊደል ዙሪያዋን ተከተላት፣ ወደሚቀጥለው አለፈ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። አንገቱ እጁን ተከትሎ ቀስ እያለ ዞረ።

«ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?»

«አዎ።»

«ትናንትም?»

«ትናንትም። እኔ ላስቲኩ መስሎኝ ነበር።»

ውጭ ጋሽ ጎማ ብረት ይቀጠቅጣሉ።

«ማሽንሽ ምንም አልሆነም ማለት ነው» አለ በመጨረሻ።

«ምንም አልሆነም።»

«እኔ ነኛ።»

እንባዋ ከአገጯ ላይ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም።

«ይመለሳል?»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

እጁን ፊደሎቹ ላይ እንደተወው አንገቱ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ፣ ወደ እሷ ተመለሰ። እጁ ያለበትን የረሳ ይመስል ነበር።

የሱቁ በር በግራ በኩል ነው። እናቷ ቁልፉን ይዛ ገባች። መጀመሪያ ያየችው ጠረጴዛውን ነው፤ የተሸፈነውን ግማሽ፣ ከዚያ ያልተሸፈነውን። ምንም ሳትናገር መጥታ ከአባቷ ግራ ትከሻ አጠገብ ቆመች። ቀሚሷ ክንዱን ሊነካው ትንሽ ነው የቀረው።

አባቷ ልጁን ብቻ እያየ፣ «እናትሽ ዛሬ ቆየች» አለ።

እናቷ ቁልፉን ጨበጠች። ዓይኗ ከባሏ ወደ ልጇ ሄደ፣ ምንድነው የሚሆነው የሚል ዓይን።

ልጅቷ ከወንበሩ ተነሣችና ቦታውን ለቀቀችላት።

«እማዬ» አለች፣ «ዞረሽ በዚህ በኩል ነዪ።»