በልኳ የተሰፋው ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ የማትጠረጥረው ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ባሏ ግማሽ ሰዓት ካመሸ ኪሱን ትፈትሻለች፤ ስልክ ከጠራ "ማናት ደግሞ?" ትላለች። የምታምነው ሚጡን ብቻ ነበር፤ ያቺን ደረቷ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውስጥ የገባ የአሥራ ሰባት ዓመት አንድዬ ልጇን! ስንት ዓመት ሙሉ በቀሚሷ ውስጥ ስፖንጅ እየሰፋች ያንን ጉድጓድ ከሰው ዓይን ደበቀችላት! ሐኪሞች "ከደረቷ አጥንት ሥር ብረት አስገብተን እናቃናዋለን" ሲሉ ግን ስፖንጅ የሌለው ሰማያዊ ቀሚስ፣ በሚቃናው ደረት ልክ ገምታ ሰፋችላት።

ሁለት ሰዓት ይፈጃል የተባለው ቀዶ ጥገና አምስት ሰዓት አለፈው። ባሏ ኮሪደሩ ጥግ ከነርሷ ጋር ሲንሾካሾክ አየችና ሮጣ ደረሰችባቸው።

"ምንድነው የምትደብቁኝ?"

"ምንም የለም፣ የኔ እናት... ለሚጡ ደም ልስጥ እያልኳት ነው።"

"ውሸታም! እኔን ደብቀህ ምን ፈረምክ?"

በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ቆቡን በእጁ ጨብጦ ወጣ።

"ደረቷ ተቃንቶ ነበር። ከዚያ የልቧ ምት ተዛባ... ቆመ። ብዙ ታገልን፤ አልሆነም።"

"ገደላችኋት!" ብላ ኮሌታውን አነቀችው። "ምን አድርጋችሁባት ነው?"

ሐኪሙ እጇን አላስለቀቃትም። "አንዳንድ የልብ ሕመም በምርመራ አይታይም። ለዚህ ነበር ራሷን ስታ ታውቃለች ወይ ብዬ የጠየቅኩዎት። በፍጹም አሉኝ።"

"እውነቷን ነው!" አለ ባል እያለቀሰ። "ልጄ መቼ ራሷን ስታ ታውቃለች? ንገሪያቸው እንጂ!"

እጇ ከኮሌታው ላይ ላላ። ሰማያዊውን ቀሚስ ስትለካት ነበር ሚጡ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ እቅፏ ውስጥ የወደቀችው። "እማዬ በናትሽ፣ እንዳትነግሪያቸው፤ ይሰርዙብኛል" ብላ ለምናት ነበር። እናት ሆና እንዴት እንቢ ትበል?

"ሁለቴ..." አለች። "ሁለቴ ወድቃለች።"

ባሏ እንባውን ጠርጎ አያት። ያ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠረጠር የኖረ ሰው፣ አንድም ቀን እሷን ጠርጥሮ አያውቅም ነበር!

በማግስቱ ሰማያዊውን ቀሚስ አለበሷት። አልጠበባትም፣ አልሰፋትም... ልክክ አለ! አይ ዕድል! ያቺ ሚስኪን የባሏን ኪስ ስትፈትሽ፣ የሰው ፊት ስታነብ፣ ጥፋቱ ከገዛ አፏ እንደሚወጣ በምን ትወቀው? ባሏ የሚጡን አንገትጌ አስተካከለና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።