የሀሮ ጉራቻ ጥሪ

ሰብስቤ የወደቀበትን ቦታ ለማየት ኢንስፔክተር ገላኔ ጫምሳ በሆዷ ተኝታ መሳብ ነበረባት። አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት አይቻልም፤ ድንጋዩ ከሥሩ ተሸርሽሮ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ተንጠልጥሏል። ከታች፣ ሀሮ ጉራቻ፣ ጥቁር ሐይቅ፣ በሚባለው፣ ውሃው ከደረቀ ግን ዘመን በቆጠረው ጉድጓድ ውስጥ፣ ሬሳውን ያነሱት ሰዎች የተዉት ኮቴ ብቻ ይታያል።

«ባለፈው ዓመት ልጅቷም የወደቀችው ከዚሁ ነው» አለ ሳጅን ገመቹ ከኋላዋ። «በዚሁ ሰሞን። አገሬው ሀሮ ጉራቻ ሰው ይጠራል እያለ ነው።»

ገላኔ ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። ገደል ሰው አይጠራም ልትል ነበር። ነፋሱ ከጀርባዋ መጥቶ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ግን የሰው ማቃሰት የመሰለ ድምፅ አሰማ።

ሰብስቤን በአካል አታውቀውም፤ በስልኳ ግን ታውቀዋለች። አዳማ ስብሰባ የተጠራ እንግዳ የሚተራመስባት፣ ስብሰባ ያልተጠራ ነዋሪ ግን እሁድን የት እንደሚያሳልፍ የሚቸገርባት ከተማ ናት። ሰብስቤ ይህን አይቶ «እሁድን የት?» የሚል የቴሌግራም ቻናል ከፈተ። በየሳምንቱ አንድ ቦታ ይፈልጋል፤ ፍል ውሃ፣ ወፍ የሚታይበት ሐይቅ ዳር፣ የተዘጋ ባቡር ጣቢያ፣ ከመቂ የሽንኩርት ማሳ ጀርባ ያለ ጥላ። በመኪናው ጥቂት ሰው ይዞ ይሄድና ፎቶውን ይለጥፋል። ገላኔ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብዙ እሁድ ከሰዓት ሶፋ ላይ ተጋድማ እነዚያን ፎቶዎች ስታይ አሳልፋለች። አንዱንም ቦታ ሄዳ አላየችም።

ከተጓዦቹ አንዷ ጂጂ ነበረች፤ ከመቂ መጥታ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት የምትሠራ፣ በሰብስቤ ግቢ የኋላ ክፍል የተከራየች ልጅ። ባለፈው ዓመት ከዚህ አፋፍ ወድቃ ሞተች። አፋፉን የከለለውን የእሾህ አጥር ራሷ ተሻግራ ነው አለ ሰብስቤ፤ ሌላ ያየ ሰው ስላልነበረ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ዘንድሮ ለሙት ዓመቷ አራት ሰዎች ሻማ ሊያበሩላት መጡ። ሰብስቤ፣ ሚስቱ ሸዋወርቅ፣ የጂጂ እጮኛ የነበረውና የቻናሉን ቪዲዮ የሚቀርጸው ቢኒያም፣ እንዲሁም የጂጂ የሥራ ጓደኛና የክፍል ደባል አማል። የተመለሱት ሦስቱ ናቸው።

ቢኒያም ታስሯል። የዚያን ዕለት መኪና ውስጥ ከሰብስቤ ጋር ተጣልቶ፣ አጥሩን የከፈትከው አንተ ነህ ሲለው ሁሉም ሰምቷል። በአደጋው ሰዓት ደግሞ ውሃ ላመጣ ወደ መኪናው ሄጄ ነበር ይላል፤ ያየው የለም። ጣቢያው ገፋው ብሎ ጨርሷል። ገላኔን እንቅልፍ የነሳት ግን የሰንበታ ቃል ነው።

ሰንበታ ከገደሉ ወገብ ላይ ባለች ቀጭን መንገድ ሣር ሲያጭድ የነበረ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ቦታው ዝር አላለም። ገላኔ ቤቱ ድረስ ሄዳ በኦሮምኛ አነጋገረችው። ከበላዩ አንዲት ወጣት ሴት ስትጣራ ሰምቷል።

«ኮቱ አለች» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሲን ጂራ፤ ማል ሶዳታ አለች።»

ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልጅቷ እዚህ ነኝ፣ ምን ያስፈራል ብላ ሰው ጠርታለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገርም መጣ አለ ሰንበታ፤ ከሩቅ፣ የወንድ ጩኸት፣ ቆራ ቆራ የሚል። ከዚያ ሰውየው በአጠገቡ አልፎ ወደቀ።

«ቁራ ይሆናል» አለ ገመቹ ሲመለሱ። «ልጅቷም አማል ናት። ሌላ ወጣት ሴት አልነበረችማ።»

አማልን ከፓርኩ ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ አገኟት። የአርሲ ልጅ ናት፤ ከገላኔ ጋር በኦሮምኛ ነው የተነጋገረችው። ማንንም አልጠራሁም አለች። ከወይዘሮ ሸዋወርቅ ጋር ከአፋፉ ትንሽ ራቅ ብሎ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠው ነበር። ሻማውን አፋፉ ላይ ያቆመችው ሸዋወርቅ ናት፤ ከዚያ መጥታ ስልኳን እንደ መቁጠሪያ እያሻሸች ተቀመጠች። ነፋሱ ከእነሱ ወደ ገደሉ ስለሚነፍስ አማል የሰማችው የሰብስቤን ጩኸት ብቻ ነው። ቀድማ የሮጠችው ሸዋወርቅ ነበረች። ነጠላዋ ተዘርግቶ ድንጋዩ ላይ በደረቷ ተደፋች፤ አማልና ቢኒያም በግድ ነው ጎትተው ያነሷት።

ስለ ጂጂ ስትጠየቅ አማል ፊቷን አዞረች። አንድ ክፍል ውስጥ እንደ እህት ኖረዋል፤ አንድም ቀን በአማርኛ አውርተው አያውቁም። ሲጣሉ እንኳ በኦሮምኛ ነበር።

ቢኒያም በበኩሉ ከእስር ክፍሉ የነገራት ትንሽ ነገር ናት። በሙት ዓመቷ ዕለት ለጂጂ መዝሙር ሊከፍትላት ፈልጎ በጉዞ የሚይዟትን ትንሽ ስፒከር ቢፈልግ ከቦርሳው ውስጥ አጣት።

ሸዋወርቅን ያገኟት ቤቷ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ነው። ለቀስተኞቹ ራቅ አሉላቸው። ስለ ባሏ ስትናገር እንባ አልነበራትም። በእሱ ጉዞ አንድም ቀን ሄዳ እንደማታውቅ፣ ከፍታ እንደሚያዞራት፣ ሀሮ ጉራቻን ያየችው ለሙት ዓመቱ ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። ጂጂ ስትነሳ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ልጅ የለኝም» አለች። «እሱን እስከ ሞተችበት ቀን እርስዎ እንዳለችው ናት። እኔን ግን በመጣች በወሩ አንቺ ማለት ጀመረች። ልክ እናቷን እንደምትል። ደስ አለኝ።»

ገላኔ ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት ከግቢው አጥር ውጭ፣ በኮብልስቶኑ መንገድ ላይ፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው እየተጣራ አለፈ። «ቆራሌው! ቆራሌው!» አሮጌ ጀሪካን፣ የተሰበረ ወንበር፣ ምንም ይሁን ምን ይገዛል። ገመቹ እንኳ ቀና ብሎ አላየም። ገላኔ ግን ድምፁ ከመታጠፊያው እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠችው።

በማግስቱ ወደ ሰንበታ ተመልሳ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። መልሱን ስትሰማ አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

በሠልስቱ ማግስት ድንኳኑ ሲፈርስ ሁሉንም የሸዋወርቅ ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቢኒያም በገመቹ ታጅቦ መጥቷል። አማል በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሰንበታ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንዳያቆሽሸው የፈራ ይመስል ተሸማቆ ነበር።

ገላኔ አልተቀመጠችም። በአፋፉ ላይ ድምፅ ነበረ፤ ኦቦ ሰንበታ አልዋሹም፣ ጂንም አልሰሙም ብላ ጀመረች። የሰሙት ጥሪ ግን በከተማ ሰፈር ብቻ የሚሰማ ሌላ ድምፅ ተከትሎታል። ገበሬው ስለማያውቀው ቆራ ቆራ አለው፤ ፖሊሱ ቁራ መሰለው። ቆራሌው ነው። ሀሮ ጉራቻ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው የለም። ስለዚህ ልጅቷ የተናገረችው እዚያ አልነበረም። ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ የተቀዳ የድምፅ መልእክት ነው፤ አፋፉ ላይ ከጠፋችው ስፒከር የወጣ።

«የጂጂ ድምፅ ነው?» አለ ቢኒያም።

ገላኔ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ኦቦ ሰንበታ፣ ትናንት በምን ቋንቋ ተጣራች ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«በአማርኛ» አለ።

«ለእኔ ወደ ኦሮምኛ መልሰው ነው የነገሩኝ። እስቲ ከአፏ እንደወጣ ይበሉት።»

ሰንበታ ዓይኑን ጨፈነ። «ነይ እንጂ» አለ ቃል በቃል፣ የማያውቀውን ጸሎት እንደሚደግም ሰው። «እዚህ ነኝ። ምን ትፈሪያለሽ?»



ኦሮምኛው ኮቱ ወንድም ሴትም ይጠራል አለች ገላኔ፤ የወደቀው ወንድ ስለሆነ ሁላችንም እሱን የጠራችው መሰለን። በአማርኛ ግን ሰብስቤን ብትጠራ ኖሮ ይምጡ ትል ነበር። ቢኒያምን ብትጠራ ና። መልእክቱ የተላከው ለሴት ነው፤ የያዘችውም ያቺ ሴት ናት። ገመቹ ወደ አማል ሲያይ ገላኔ ራሷን ነቀነቀች። ጂጂ ለአማል በአማርኛ ተናግራ አታውቅም።

«የቀረችው፣ ጂጂ በአማርኛ አንቺ የምትላት ሴት ናት» አለች። «ከፍታ እያዞራት ሻማውን ራሷ አፋፉ ላይ ያቆመች። ስልኳን በእጇ ይዛ ከግራሩ ሥር የጠበቀች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተደፍታ፣ ያስቀመጠችውን በነጠላዋ ሸፍና ያነሳች።»

ሸዋወርቅ ለመካድ አልሞከረችም። ተነስታ ከጓዳ ትንሿን ስፒከር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ ለገላኔ ብቻ የምትናገር ይመስል፣ ጀመረች።

«በእንቅልፉ ያወራ ነበር። ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። ትንሽ ብቻ፣ ጎሽ፣ አንድ ጊዜ ሳቂ። ለቻናሉ ፎቶ ሲያነሳት ነው። አጥሩን ከፍቶ፣ ጀርባዋን ለገደሉ አዙሮ አቁሟት። ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተኝቼ ይህን ሰማሁ። ጠዋት ስጠይቀው ራሷ ተሻግራ ነው ይለኛል። ሽሮውን እየበላ።»

ቢኒያም ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ድምፅዋን ሲሰማ ደንግጦ እውነቱን ያወጣል ብዬ ነበር» አለች ሸዋወርቅ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም። ድንጋዩ ጫፉ ላይ ባዶ መሆኑን አይቼ ነው ያስቀመጥኩት።»

ገላኔ የሸዋወርቅን ስልክ ተቀበለች። ማስረጃ ስለሆነ መስማት ነበረባት። ስትነካው የጂጂ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፤ ወጣት፣ ትንሽ ያለከለከ፣ ሊስቅ የደረሰ።

«ነይ እንጂ፤ እዚህ ነኝ። ምን ትፈሪያለሽ?» ከኋላዋ ቆራሌው የሚል ሰው አለፈ። ከዚያ ሰንበታ በሰብስቤ ጩኸት ምክንያት ያልሰማው ቀጠለ። «እጅሽን እኔ ነኝ የምይዝሽ። አልለቅሽም፤ ሙች።»

አማል ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር።

«ከበሩ ላይ ቆማ ነው የላከችልኝ» አለች ሸዋወርቅ። «የሞተችበት ዕለት ጠዋት። መኪናው ተነስቶ እየጠበቀ ነበር። ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ብሄድ ኖሮ ከአጠገቤ አትርቅም ነበር።»

ገመቹ ተነሳ። ሸዋወርቅም ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች፤ በሩ ዘንድ ስትደርስ ግን ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባቴ» አለችው፤ «እሱ ሲወድቅ ምን አለ?»

ሰንበታ ወደ ገላኔ አየ። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ገላኔም ብትሆን። ባርኔጣውን በጣቶቹ አዙሮ አዙሮ፣

«ከመውደቁ በፊት ነው የተናገረው» አለ። «አልሮጠም። አልደነገጠም። ቀስ ብሎ ሲራመድ ኮቴውን ሰምቻለሁ። መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ አለ። የጮኸው በኋላ ነው።»

ሸዋወርቅ የበሩን መቃን ያዘች። ገመቹ ካቴናውን ከወገቡ ሲያወጣ ገላኔ በዓይኗ መለሰችውና ሴትየዋ መራመድ እስክትችል ድረስ አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት።