የኋላዎቹ ስፒከሮች ገመድ አልነበራቸውም

አላምንም የሚል ሰው ካለ አልቀየመውም። እኔም እዚያ ክፍል ውስጥ ባልሆን ኖሮ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔና በእህቴ ላይ ነው የሆነው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ውጭ ፀሐይ አለ፣ መንገዱ በሰው ጢም ብሏል። ቦታው ደግሞ የስፒከር መሸጫ ሱቅ ነው።

እቴቴ ታላቅ እህቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ያን ሰሞን አዲስ ቤት ገብታ ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ መስኮት የሌለው ክፍል አለ። ሌላ ሰው ቢሆን አሮጌ ዕቃ ያጭቅበት ነበር። እሷ ግን "ሲኒማ አደርገዋለሁ" አለች።

እቴቴ አንዴ ካለች አለች ነው።

ስለ ድምፅ አውቃለሁ እያልኩ ስለምጎርር፣ እኔን ይዛ ሄደች።

ባለሱቁ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ... መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "መነጽሬን የት ጣልኩት?" የሚል ዓይነት ሰው።

"ክፍሉ ምን ያህላል፣ እመቤቴ?" አላት።

"አልጋ ካስገባህበት ሰው ቆሞ ያድራል።"

ሳቀ። "እንግዲያው ቁም ሣጥን የሚያክል ስፒከር አልሸጥልዎትም። ለትንሽ ክፍል ትልቅ ስፒከር ማለት ለሕፃን የአባቱን ኮት ማልበስ ነው።"

ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ማዳመጫ ክፍል አስገባን። ግድግዳው ዙሪያውን በጥቁር ስፖንጅ ተለብጧል። ሦስት ወንበሮች፣ ፊት ለፊት ስክሪን፣ ከስክሪኑ ግራና ቀኝ በብረት መቆሚያ ላይ የተቀመጡ ስፒከሮች። በሩ ወፍራም ነው። ሲዘጋ ጆሯችሁ ውስጥ ጥጥ የተወተፈ ይመስላችኋል።

"እዚህ ቢጮህ ውጭ አይሰማም፣ ውጭ ቢጮህ እዚህ አይሰማም" አለን ባለሱቁ። በኩራት ነው ያለው።

ከዚያ አንድ ቁራጭ ፊልም ከፈተልን። "ስፒከር ስትመርጡ ይህንኑ ቁራጭ ብቻ ደጋግማችሁ ስሙ። ፊልሙ ያው ነው፤ ልዩነት ከሰማችሁ የስፒከሩ ነው።"

ቁራጩ አጭር ነው። ዝናብ ይዘንባል። መኪና ይቆምና በሩ ይዘጋል። ሴት ትስቃለች። አለቀ። ካላቆሙት ከዝናቡ እንደገና ይጀምራል።

በመጀመሪያዎቹ ስፒከሮች ሰማነው።

"ይሄ ዝናብ ነው ወይስ ሽንኩርት እየተጠበሰ ነው?" አለች እቴቴ።

ባለሱቁ እየሳቀ አነሳቸውና ሌሎች ከነመቆሚያቸው አቆመ። የመጀመሪያዎቹን መቆሚያ ጥግ ላይ አስደገፈው። ከዚያ ከወንበሮቹ ኋላ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ስፒከሮች ተመለከተና ራሱን አከከ። "የኋላዎቹ ገመድ የላቸውም። ላምጣ። እስከዚያ በፊተኞቹ ስሙ።"

ሪሞቱን ለእኔ ሰጥቶ ወጣ። በሩ ተዘጋ።

አጫወትኩት።

ዝናቡ ጣሪያችን ላይ የሚወርድ ነበር የሚመስለው። እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ይሰማል።

ከዚያ... ከኋላችን አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለ።

ቀጥሎ "እ..." የሚል ድምፅ። አጭር። መሃሉ ላይ እንደተቆረጠ።

የመኪናው በር ተዘጋ። ሴትየዋ ሳቀች።

የእቴቴ ዓይን በራ። "ይሄንን ነው የምንወስደው። ያኛው ያላሰማንን አሰማን እኮ! ከኋላ ሰው የወደቀ ነው የሚመስለው። እስቲ ድገመው።"

ደገምኩት።

ዝናብ። የመኪና በር። ሳቅ።

ምንም የወደቀ ነገር የለም።

"ሌላ ቦታ ላይ ነው የከፈትከው" አለችኝ።

"ያው ነው፣ እቴቴ።"

አሁንም ደገምኩት። የለም።

ዞር ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። የኋላዎቹ ስፒከሮች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ገመድ የለም። ጀርባቸው ባዶ ነው።

"እቴቴ..." አልኳት በሹክሹክታ። "የኋላዎቹ አይሠሩም።"

ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

በሩ ተከፈተ።

ባለሱቁ አልነበረም።

ቀጭን ሰው ነው። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። የተጠቀለለ ገመድ ይዟል። እጆቹ እስከ ክርኑ ድረስ እርጥብ ናቸው... አሁን የታጠቡ፣ ያልደረቁ። ውኃው ከጣቶቹ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። ደረጃ ሮጦ እንደወጣ ሰው በአፉ ይተነፍሳል።

በሩን በጀርባው ገፍቶ ዘጋው። መወርወሪያውን ቆለፈ።

"የቱን መረጣችሁ?" አለ። በጣም ቀስ ብሎ።

"ባለሱቁስ?" አለችው እቴቴ።

"ጋደም ብሏል።"

ቀና ብዬ አየሁት። ግንባሩ ላይ መነጽር ተሰቅሏል። የባለሱቁ መነጽር ነው። አንዱ መስተዋት ተሰንጥቋል።

እቴቴ ጉልበቴን በጣቷ ጫን አደረገችው። ልጅ ሳለሁ እንግዳ ፊት አፌን እንድዘጋ የምታደርገኝ እንዲህ ነበር። ዘጋሁ።

"ይሄኛው ደህና ነው" አለች፣ ድምጿን አረጋግታ። "ባለቤቴን ላማክርና ነገ እንመለሳለን።" ቦርሳዋን አንስታ ብድግ አለች።

"ቁጭ በይ።"

ተቀመጠች።

ከወንበሮቻችን ኋላ ሄዶ ቆመ። ገመዱን ስፒከሮቹ ላይ ይሰካል ብዬ ጠበቅኩ። አልሰካም። ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

"አጫውተው።"

ዝናቡ ጀመረ።

"አቁም።"

አቆምኩ።

"እዚህ ጋ አንድ ድምፅ ነበር።"

"እኛ የሰማነው ዝናብ ብቻ ነው" አለች እቴቴ።

"ሰምታችኋል።"

"ወንድሜ፣ እኛ ምንም..."

"አሁን ሲደገም ግን የለም" አለ። የተቆጣ አይመስልም። ያዘነ ነው የሚመስለው። "ጎድሏል። መሞላት አለበት።"

"አጫውተው።"

ሪሞቱን ተጫንኩት።

ዝናብ...

ያ ነገር ዱብ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ገመዱ በእቴቴ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

ከነወንበሯ ወደ ኋላ ሳባት። እግሮቿ አየሩን ረገጡ። አንዱ ጫማዋ ተወርውሮ ስክሪኑን መታ። እጆቿ ገመዱ ሥር ለመግባት አንገቷን ይቧጥጣሉ፣ ግን ጣት የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ዘልዬ ያዝኩት። ፊቱን በቡጢ ደጋግሜ መታሁት። ግድግዳ የመታሁ ያህል ነው። በክርኑ አፌን ሲለኝ ጥርሴ ተነቀለ። ደሜን እየዋጥኩ እንደገና ተጠጋሁት።

ከሁሉ ያስፈራኝ እኔን አለማየቱ ነው። እቴቴንም አያያትም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ጆሮውን ወደ እሷ አዘንብሎ... ድምፁን ይጠብቃል።

እቴቴ ግን ድምፅ አልነበራትም። ፊቷ ጠቁሯል። ቧጥጠው ቧጥጠው እጆቿ ወደቁ።

ጥግ ላይ ያለውን የብረት መቆሚያ አነሳሁ።

መጀመሪያ ትከሻውን መታሁት። አልለቀቀም። ቀጥሎ ክርኑን። አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ገመዱ ላላ። እቴቴ መሬት ላይ ተደፋች።

ሰውየው ግን አልጮኸም። በደህናው እጁ ጉሮሮዬን ይዞ ግድግዳው ላይ ለጠፈኝ። ሪሞቱ አሁንም በግራ እጄ መዳፍ ውስጥ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የድምፅ መጨመሪያውን ተጫንኩት። እስከ መጨረሻው።

የቀረውን ያደረገችው እቴቴ ናት። በደረቷ እየተሳበች በሩ ጋ ደርሳ፣ መወርወሪያውን ስባ፣ በሩን በእግሯ ገፋችው።

ዝናቡ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁም ወደ መንገዱ ወጣ። የመኪናው በር እንደ ጥይት ጮኸ። ሴትየዋ ሳቀች። ቁራጩ አልቆ እንደገና ጀመረ።

ከጎን ያለው ልብስ ሰፊ መቀሱን እንደያዘ ደረሰ። ሁለት ተሸካሚዎች ተከተሉት።

ሰውየው ሲያያቸው ለቀቀኝ። አልሸሸም። የተሰበረ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሃለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ተሸካሚዎቹ በዚያው ገመድ አሰሩት።

ባለሱቁን ያገኙት ከማዳመጫው ክፍል ጀርባ ነው፤ ከኋላችን ከነበረው ግድግዳ ማዶ ተዘርሮ። የፊት ገጹ አልቀረም። ነፍሱ ግን አልወጣችም ነበር። አምቡላንስ ሳይደርስ አረፈ።

ሰውየው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሌባ አይደለም፣ ከሱቁ የነካው ነገር የለም። የባለሱቁ ቤተሰብ አያውቀውም። ከተያዘ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰም አሉን።

የእቴቴ ድምፅ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመለሰ፣ ሻካራ ሆኖ። ምድር ቤቱን ቆልፋዋለች። ሳሎን ውስጥ ፊልም ስታይ ድምፁን ዘግታ ነው። ከኋላዋ ማንም እንዲቀመጥ አትፈቅድም፣ እኔንም ጭምር።

ለፖሊስ ያልነገርነው አንድ ነገር ብቻ አለ። ብንነግረውስ ምን ብሎ ይጽፈዋል?

ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ነው። ልብስ ሰፊው ያንን ጩኸት ማጥፊያው ጠፍቶት ቆጣሪው ጋ ሮጠና የሱቁን ኤሌክትሪክ በሙሉ አቋረጠው። ጸጥ አለ። ማዳመጫው ክፍል ጨለመ። በተከፈተው በር የሚገባው የቀን ብርሃን ብቻ ቀረ።

እቴቴ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሱሪዬን ያዝ አደረገችኝ። መናገር አልቻለችም። በጣቷ ወደ ስክሪኑ አመለከተች።

የታሰረው ሰውም ወደዚያው እያየ ነው።

ከስክሪኑ ግራና ቀኝ ያሉት የሁለቱ ስፒከሮች ክብ ሽፋን፣ ኤሌክትሪክ ሳይኖር፣ ይንቀሳቀስ ነበር። ወደ ውጭ... ወደ ውስጥ። ወደ ውጭ... ወደ ውስጥ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚተነፍስ ደረት፣ ሁለቱም እኩል። ድምፅ የለም።

ተጠግቼ መዳፌን አንዱ ላይ አሳረፍኩ።

ለብ ያለ ነበር።

ቆም አለ... ከዚያ መዳፌን ገፋው።