አሥራ ዘጠኝ ክንድ መረብ

በ1976 ዓ.ም. ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ባጫ አዲስ ነገር አመጡ። «ሩጫና ዝላይ በቃ! ሁለት ሁለት ሁኑና የጎደለንን የስፖርት ዕቃ ሥሩ፤ ጨዋታውንም ለክፍሉ አስተምሩ። ማርክ የምሰጠው በዚያ ነው።»

ለአሥረኛ ክፍሏ ብርነሽ የመረብ ኳስ መረብ ደረሳት። አብሯት የሚሠራው ደግሞ ሾዴ፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ልጅ።

እናቷ ወይዘሮ ታየች ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ሸማኔ ቤት? የኔ ልጅ?»

«የትምህርት ነው እኮ እማዬ።»

«እንግዲያው መረቡ እስኪያልቅ ብቻ! ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ዝር እንዳትዪ!»

ስድስት ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ወጣች። እሷ ሲባጎውን ትወጥራለች፣ ሾዴ ይቋጥራል፤ አባቱ ከወዲያ መወርወሪያቸውን ያመላልሳሉ።

«ዘጠኝ ሜትር ተኩል ማለት አሥራ ዘጠኝ ክንድ ነው» አላት ሾዴ በመጀመሪያው ቀን። «ክንድሽን አምጪው።»

ሲለካ አይቸኩልም ነበር። ወደደችው፤ ምን ይደረግ! መረቡ ባደገ ቁጥር ግን ቅር ይላት ጀመር። ካለቀ አበቃ።

አለቀም። ሜዳው ላይ ሲወጠር ግን ከቋሚው ሳይደርስ ቀረ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህር ባጫ በሜትር ለኩት። «ስምንት ሜትር! እስከ ሌላው ዓርብ አስተካክሉ፤ አለዚያ ዜሮ ነው።»

«አጠረ?» አሉ ወይዘሮ ታየች። «የሸማኔ ልጅ ክንድ ተሳሳተ?» ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። «በይ ሂጂ ጨርሺው። ዜሮ ይዘሽ እንዳትመጪብኝ።»

የእናቷ ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ሲከነክናት ሄደ። እንደደረሰች ሾዴን አፋጠጠችው።

«የኔ ክንድ አጭር እንደሆነ አታውቅም ነበር?»

ሾዴ አቀረቀረ። «ዐውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን አስበህ ነው?»

«መረቡ ካለቀ አትመጪማ። እ... ማለቴ... እወድሻለሁ፣ በቃ።»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ቀደማት።

«የጎደለው ሦስት ክንድ ነው» አለ እፍረቱን ለመሸሸግ ብድግ ብሎ። «አባዬን ልጥራ፣ በእሳቸው ክንድ እንለካዋለን።»

ብርነሽ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት።

«በኔ ለካ።»

«እንደገና ያጥራል እኮ!»

«ይጠር! ዓርብ እስኪደርስ ስንት ቀን አለ።»