የኋላ ወንበር ቀበቶ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሰው መሀል ተነስቼ ዕቃ የማጥብ ሰው ነኝ። የቸርቻችን እህቶች «እንትና ቤት በሩ ብቻውን ተከፈተ» ሲሉ «ማጠፊያውን ዘይት ቀቡት» ነው የምላቸው፣ በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ አኩርፈውኛል። ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ እያፈርኩ ነው፣ ግን እመኑኝ፣ ከራሴ የጨመርኩት የለም፣ ብጨምርበት ኖሮ እንዲያውም አሁን ካለው የተሻለ ትርጉም ይኖረው ነበር።

ሥራዬ ኬረር ነው፣ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎች በየቤታቸው ማልዶ ሄዶ ማስነሳት፣ ማጠብ፣ ቁርስ ማብላት። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሃርልስደን የሚባል ሰፈር ነው፣ ከምረዳቸው ሁሉ ግን ልቤ ያለው ሌላ ሰፈር፣ ኪልበርን፣ እማማ አስካለ ጋ ነው። እማማ ሰማንያን ያለፉ፣ ልጅም ዘመድም እዚህ አገር የሌላቸው፣ እግራቸው የከዳቸው፣ ምላሳቸው ግን ከቶ ያልከዳቸው ሴት ናቸው። በሩን ከፍቼ ገና ሳልገባ «ሰናይት፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነክቶሽ ነው ፊትሽን የቋጠርሽው?» ይሉኛል፣ ያን ካልሰማሁ ቀኔ የጀመረ አይመስለኝም።

ባለፈው ዊንተር ያ ክፉ ብርድ የገባ ሰሞን የእማማ ቤት ማሞቂያ ቦይለር ተበላሸ። ሠሪው «ነገ ነው የምመጣው» አለ፣ እኔም መስኮቱ አጠገብ ባለው ሶፋቸው ላይ አስቀምጬ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሂተር ሰክቼላቸው፣ ማታ የምታስተኛቸው ሌላ ኬረር ስለነበረች ተሰናብቻቸው ሄድኩ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ደወልኩላቸው፣ አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ፣ አያነሱም። እማማ ስልካቸውን እጃቸው ላይ ይዘው የሚውሉ ሰው ናቸው፣ አንዴ ሲጠራ ነው የሚያነሱት።

ስወጣ መንገዱ ዳር የቆሙት መኪኖች ሁሉ ነጭ ለብሰው የማን የማን እንደሆነ አይለይም። የእኔዋ ትንሽዬ ቀይ አውቶማቲክ ናት። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የፈላ ውሃ ከቤት አምጥቼ የፊት መስታወቷ ላይ ደፍቼ ጧ ብሎ ስለተሰነጠቀ፣ ጎረቤቴ እንግሊዛዊቷም እስከዛሬ ስለምትስቅብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የፊቱን በካርቶን እሸፍነዋለሁ። ካርቶኑን አነሳሁና ገብቼ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ጥ፣ ጥ፣ ጥ አለ። እንደገና ስሞክር ጥም አላለ፣ የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ጠፋ።

አምቡላንስ ጠራሁ፣ «እንልካለን፣ ግን በበረዶው ምክንያት ጥሪ በዝቷል፣ ይዘገያል» አሉኝ። አውቶቡሱ አይሄድም፣ ታክሲ የምጠራበት አፕ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። በእግሬ ልሂድ ብል በዚያ በረዶ ላይ መቼ ልደርስ ነው? ያን ጊዜ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ነው፣ መግፋት። አዲስ አበባ ሳድግ የጎረቤታችን ላዳ ጠዋት ጠዋት ካልተገፋች አትነሳም ነበር፣ ወደ ሥራ የሚሄድ ሁሉ ቦርሳውን አስቀምጦ ገፋ ገፋ አድርጓት ነበር የሚያልፈው፣ ስለዚህ በእኔ ጭንቅላት መኪና ከሞተ ይገፋል፣ አለቀ። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት እዚሁ በአውቶማቲክ ነው፣ ከዚያ ያለፈ የመኪና ዕውቀት የለኝም። ከመኪናው ወርጄ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየሁ፣ ማንም የለም፣ ከጭንቀቴ ብዛት «ጌታ ሆይ፣ አንድ የሚገፋ ሰው» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ልግፋልሽ?» አለኝ አንድ ሰው ከኋላዬ።

በአማርኛ ነው። ሃርልስደን ሐበሻ ሞልቷል፣ ምንም አልደነቀኝም፣ እንዲያውም ዘልዬ ላቅፈው ነበር። ኮት አልለበሰም፣ ግራጫ ስስ ሹራብ ብቻ፣ እጁም ባዶ ነው፣ ፊቱን ግን፣ አምላኬን፣ ዛሬ ላስታውስ ብል አይመጣልኝም። «ግቢ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቢ፣ ፈጠን ስትልልሽ ፍሪሲዮን ልቀቂ» አለኝ። ሁለተኛ ማርሽም ፍሪሲዮንም የሚባል ነገር የእኔ መኪና ላይ የለም፣ ግን በዚያ ሰዓት ማን ይከራከራል፣ «እሺ» ብዬ ገባሁና ያንን ዘንግ ወደ ሄደልኝ ጎተትኩት። ከኋላ በረዶው ከሽ ከሽ ሲል ሰማሁ፣ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች፣ ቀስ አለች፣ ፈጠን አለች፣ ከዚያ ጉሮሮው እንደታፈነ ሰው አሳለችና ሞተሩ ተነሳ።

ተገፍቶ የተነሳ መኪና ደግሞ አይቆምም፣ ከቆመ ተመልሶ ይሞታል፣ ሰፈራችን ገፊውን የሚያመሰግኑት በጥሩምባ ነበር። እኔም ሁለቴ ጥሩምባ ነፋሁለትና ሄድኩ። በመስታወት ላየው ሞክሬ ነበር፣ የኋላው መስታወት ጨርሶ በበረዶ ተሸፍኗል።

የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፍኩ ቲን፣ ቲን፣ ቲን ማለት ጀመረ። ታውቁት እንደሆነ፣ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ካላሰረ መኪናው ይጮሃል፣ ዳሽቦርዱ ላይም ቀይ ምልክት ያበራል። የበራው የኋላ ወንበር ነው። ቦርሳዬ ፊት ለፊት እግሬ ሥር ነው፣ ኋላ ምንም ያስቀመጥኩት ነገር የለም። ብርዱ አሳብዷት ነው አልኩና በጩኸቱ ላይ እየጸለይኩ ነዳሁ። ዞረሽ ለምን አላየሽም እንዳትሉኝ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ላይ አላነሳሁም።

እማማ ቤት ስገባ ውስጡ ከውጭው አይሻልም። የመብራቱ ብሬከር ወርዶ ሂተሩ ጠፍቷል፣ የማታዋ ኬረር በበረዶው ምክንያት አልመጣችም፣ እማማ እዚያው ሶፋቸው ላይ አድረዋል፣ ስልካቸው ወድቆ እጃቸው አልደረሰበትም። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ እጃቸው እንጨት ሆኗል። ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ከምሬባቸው፣ ኮቴን ከፍቼ በደረቴ አቀፍኳቸው፣ እያለቀስኩ «እማማ፣ ይሰሙኛል? እኔ ነኝ፣ ሰናይት» እላለሁ። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው።

«ሰውዬውን አታስገቢውም?» አሉኝ በቀጭን ድምፅ።

«የቱን ሰውዬ፣ እማማ?»

«ከኋላ ያስቀመጥሽውን። በዚህ ብርድ ሰው መኪና ውስጥ ትተሽ ትገቢያለሽ? ነውር አይደለም?»

በመስኮቱ አየሁ። መኪናዬ ቆማለች፣ ማንም የለባትም። ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ስለቆመች የኋላው መስታወት ይታያል፣ በረዶው ላይ ሁለት የመዳፍ አሻራ፣ ጣቶቹ ተዘርግተው። እሱስ ገፍቶ የለ፣ አልኩ ለራሴ።

አምቡላንሱ መጣ፣ ሠራተኛው እማማን ጠቅልሎ እያወጣ «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ተወው። እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪም ቤት ለነርሷ ስለ ሰውዬው ስነግራት «ሰውነት ሲቀዘቅዝ አእምሮ የሌለ ነገር ያሳያል» አለችኝ፣ ደስ አለኝ፣ እንዲህ ያለ መልስ ነው የምወደው። እማማም ድነው ቤታቸው ሲመለሱ ብጠይቃቸው «ምን ሰውዬ? አንቺ ልጅ ጤናም የለሽ» ብለው ሳቁብኝ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህንን አልጽፍላችሁም ነበር።

መኪናዋ ኪልበርን ቆማ ቀርታ ስለነበር፣ በማግስቱ ዮናስ የሚባል እዚሁ ያደገ የሐበሻ መካኒክ አዲስ ባትሪ ይዞልኝ መጣ። እንዴት እንዳስነሳኋት ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ሲስ፣ ይሄ አውቶማቲክ እኮ ነው። በመግፋት አይነሳም።»

«ተነሳ እያልኩህ!»

«ኖ፣ ሊሰን። ባትሪው ቶታሊ ዴድ ነው፣ ብርድ ነው የጨረሰው። ባትሪ ከሌለ ማርሹ ከፓርክ አይወጣም፣ ጎማው ሎክድ ነው። አስር ሰው ቢገፋትም አትንቀሳቀስም።»

«ታዲያ እዚህ እንዴት መጣሁ?»

«አይ ዶንት ኖው» አለና የበረዶ መፋቂያውን አንስቶ የኋላውን መስታወት መፋቅ ጀመረ። በረዶው ሁሉ ተነሳ፣ መዳፎቹ አልተነሱም። ፈገፈገው፣ በጨርቅ አሸው፣ ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ገባና በጣቱ ነካው። «ከውስጥ ነው» አለኝ። ወንበሩም እርጥብ ነበር። 

ባትሪው ከተቀየረ ወዲህ መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። በረዶ በጣለ ጠዋት ሁሉ ግን፣ በረዶ በጣለ ጠዋት ብቻ፣ መታጠፊያውን ሳልፍ ከኋላ ቲን፣ ቲን፣ ቲን ይላል። ዮናስ የቀበቶውን ሴንሰር ቼክ አድርጎ ደህና ነው አለ። ፓስተራችን «መልአክ ነው፣ አመስግኚ» አሉኝ፣ ትንሽ ቀን ተጽናናሁ፣ በኋላ ግን ግራ ገባኝ፣ መልአክ ሁለተኛ ማርሽ አስገቢ ይላል? መልአክስ ከሆነ ለምን አይወርድም? አንድ ቀን እየነዳሁ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ያን ቀን ቆሜ አላመሰገንኩህም» አልኩት፣ እንደ እብድ። ጩኸቱ አልቆመም።

በዚህ ሳምንት ብርዱ ተመለሰ። ትናንት ጠዋት እየጮኸ እማማ ቤት ደረስኩ። እማማ መስኮታቸው አጠገብ ነበሩ፣ በሩን ስከፍት ስለ ፊቴ ምንም አላሉኝም፣ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ነው የሚያዩት። አጠብኳቸው፣ ቁርስ አበላኋቸው፣ ልወጣ ስል «ያንን ባዶ ወንበር ወደ ሂተሩ አስጠጊልኝ» አሉኝ።

«ለምንዎ ነው?»

«አንቺ አስጠጊልኝ፣ ምን አገባሽ።»

አስጠጋሁላቸው። ወጣሁ፣ መኪናዬን አስነሳሁ፣ ኪልበርን ሃይ ሮድን ይዤ ግማሽ መንገድ ድረስ ሄድኩ፣ የሆነ ነገር ጎደለኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ራዲዮኑን አጠፋሁ። ጸጥ ነው። የኋላው መስታወት ገና በበረዶ እንደተሸፈነ ነው፣ ቀበቶው ግን አይጮህም፣ ምልክቱም አልበራም፣ ከኋላዬ ማንም የለም።

ዳር ይዤ ቆምኩና ደወልኩላቸው። አንዴ ሲጠራ አነሱት።

«እማማ፣ ደህና ነዎት? ተመልሼ ልምጣ?»

ሁልጊዜ እንዲህ ስላቸው «ጌታ ከእኔ ጋር ነው፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ነው የሚሉኝ። ትናንት ጌታን አልጠሩም። ድምፃቸው እንግዳ እንዳለበት ሰው ዝቅ ብሎ ነበር።

«አይዞሽ፣ ሂጂ» አሉኝ። «ብቻዬን አይደለሁም።»