በመተማ ቀትር ሲለካ

ጥሩአየሁ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ባጃጁ ውስጥ ስትገባ ሾፌሩ ሊያወራት ዞር አለና ፊቷን ሲያይ ሐሳቡን ቀየረ።

«ከጉምሩኩ ማዶ፣ ዘሩ ኮምፒውተር ቤት። ቶሎ በል!»

ሰኞ ቀትር ነው። የጥር ፀሐይ መተማ ዮሐንስ ላይ እንደ ልማዷ ትነድዳለች፤ የጥሩአየሁ ንዴት ግን ከፀሐይ የመጣ አልነበረም። ትናንት የሙሽራዋን የአየሁሽን ሰርግ ስትቀርጽ ውላለች። ነገ ከሰዓት መልስ ነው፤ ፊልሙም በመልሱ ድንኳን በትልቅ ሸራ እንደሚታይ ለአገሩ ሁሉ ተነግሯል። በራሷ ስም የያዘችው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ነገ ሸራው ባዶ ከሆነ ሌላ ሙሽራ አትጠራትም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከረፋድ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ፊልሙን ግማሽ ላይ አድርሶ ድርግም ብሎባታል።

ጥፋተኛውን ደግሞ ታውቀዋለች። ደምለው ነው!

ደምለው በአቶ ዘሩ ሱቅ ኮምፒውተር ይጠግናል። የተዋወቁት ዓምና በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተሯን ወስዳለት ነው። የሃያ ደቂቃው ሥራ ሦስት ሰዓት ፈጀበት። በማግስቱ ምንም ያልሆነ ኮምፒውተር ይዛ ተመለሰች፤ እሱም ምንም እንዳልሆነ እያወቀ ፈታላት። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሲተያዩ ከረሙ። ነገሩን በስሙ የጠራው ግን የለም።

ከወር በፊት ግራፊክስ ካርድ ልትገዛ ሄደች፤ ምስሉን የሚያሰላው እሱ ነውና ያለ እሱ ፊልም ቶሎ አይወጣም። በሱቁ ግድግዳ ላይ ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን የተጻፉበት ወረቀት ተለጥፏል። ትልቁ ሜሞሪው አሥራ ሁለት ጊጋ ነው፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ዋት ይበላል፤ ፍጥነቱ የትንሹ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ትንሹ ስምንት ጊጋና መቶ አሥራ አምስት ዋት ነው። የሰሊጥ ገበሬው አባቷ አቶ ማናዬ «ትራክተርም የሚገዛ በፈረስ ጉልበቱ ነው» ብለዋታል። በዚያ ቆላ ኃይል ያለው ዕቃ ሁሉ የሚመረጠው እንደዚያ ነው።

ደምለው ወረቀቱን አየ፤ አቶ ዘሩን አየ፤ ከዚያ «ትልቁ ለአንች አይሆንም» አላት።

«ለምን?» ስትለው አቀርቅሮ ዝም አለ።

ለአንች አይሆንም! የሴት እጅ አይችለውም ለማለት ነው? እልህ ያዛትና ትልቁን ገዛች።

አሁን ሱቁ ገብታ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ለመወርወር አስባ ነበር፤ ግን የአየሁሽ ሰርግ ውስጡ ስለነበረ ቀስ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው።

«ደስ ይበልህ! እንዳልከው አልሆነልኝም።»

ደምለው ብድግ አለ። «ካርዱ ስንት ዲግሪ ደረሰ?»

«ሰላምታህ ይኸ ነው?»

«ጥሩየ፣ ስንት ደረሰ?»

«ዘጠና አምስት። መጀመሪያ አዘገመ፤ ከዚያ ጠፋ።»

ደምለው አልተገረመም፤ አለመገረሙንም አየች። ከመሳቢያው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ሁለቱንም ካርዶች በራሱ ኮምፒውተር ሳምንት ሙሉ ፈትኗቸዋል፤ አንድ ዓይነት የአሥር ደቂቃ ፊልም፣ አንዴ ጧት፣ አንዴ ቀትር። ጧት ትልቁ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሲጨርስ ትንሹ ሃያ ሁለት ፈጅቶበታል። ቀትር ላይ፣ የቆርቆሮው ቤት አርባ አንድ ዲግሪ ሲገባ፣ ትልቁ ሃምሳ አንድ ደቂቃ ወሰደ፤ ሁለት ጊዜም ጠፋ። ትንሹ በሃያ አምስት ጨረሰ። የግድግዳው ቁጥር ውሸት አልነበረም፤ የተለካው ግን ቀዝቃዛ አገር ነው፤ በመተማ ቀትር ትልቁ ግሎ ይዘገያል።

ጥሩአየሁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከላይ የተጻፈው ቀን ካርዱን ከገዛችበት ቀን ይቀድማል። እውነተኛው ቁጣ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

«ታውቅ ነበር!»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አፍ የለህም?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዕቃው የጋሼ ዘሩ ነው። አጠገቤ ቆመው ነበር። እንጀራየ ነው፣ ጥሩየ።»

«እኔስ? እኔ ምንህ ነኝ?»

ደምለው የራሱን ኮምፒውተር ከፈተና ትንሹን ካርድ፣ የገዛ ራሱን፣ ነቅሎ በእሷ ኮምፒውተር ላይ መግጠም ጀመረ። ልቧ ሊራራለት ሲል ልቧንም ተቆጣችው።

«እኔ የፈለግሁት ካርድህን አይደለም፤ አፍህን ነው» አለችው። ካርዱን ግን እንዳይገጥም አልከለከለችውም፤ የአየሁሽ መልስ ነገ ነው።

ይኸኔ ከሱዳኗ ገላባት ድንበር ተሻግሮ ፎቶ ቤት የከፈተው ኸሊል ገባ። አቶ ዘሩም ድምፁን ሰምተው ከጓዳ ወጡ።

«ያ ዘሩ፣ ትልቁ ካርድ አለ ወይ?» አለ ኸሊል፣ ዐረብኛ እየቀላቀለ።

«አንድ ቀርቶልሃል! እጥፍ ፍጥነት ነው እኮ! ደምለው፣ ንገረው እንጂ!»

ደምለው መፍቻውን እንደያዘ ጥሩአየሁን አያት። አልረዳችውም፤ ዐይኗንም ከዐይኑ ላይ አላነሣችም።

«ኸሊል፣ አትግዛው» አለ በመጨረሻ። «በቀትር ይጠፋብሃል። ትንሹ ይሻልሃል። እዚሁ መተማ፣ በራሴ እጅ ለክቼዋለሁ።» የለካበትን ወረቀትም ከጥሩአየሁ እጅ ወስዶ ከግድግዳው ወረቀት ጎን ለጠፈው።

«ወላሂ፣ አላህ ይስጥህ!» አለና ኸሊል ሳይገዛ ወጣ።

የአቶ ዘሩ ፊት በርበሬ መሰለ። «ቁልፉን አስቀምጥ! እንደ ልጄ ባስጠጋሁህ!»

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» አለ ደምለው። «ዛሬ ግን አይደለም። ያጠፋሁት የዛሬ ወር ነው።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ኮምፒውተሯን ተሸከመላት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እሷ ቤት ፊልሙ ሲወጣ ትንሹ ካርድ ሰባ ሁለት ዲግሪ ላይ ረግቶ ነበር። ጥሩአየሁ ደምለውን አንድ ቃል አላናገረችውም። ውኃ ግን ሁለት ጊዜ ሰጠችው።

ከሰዓት በድንኳኑ ፊልሙ ታየ፤ እልልታው ቀለጠ። የአየሁሽ እናት እትየ የዓለምወርቅ በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብለው «ጥሩየ፣ ይኸ ከአጠገብሽ የማይጠፋው ልጅ ማን ነው?» አሉ። አቶ ማናዬ ጉርሻቸውን እንደያዙ ዞር አሉ።

ጥሩአየሁ «ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው» ብትል ይበቃ ነበር፤ ውሸትም አይደለም። ደምለው አቀርቅሮ ይህንኑ መልስ ሲጠብቅ አየችው። መጠበቁ አንጀቷን አሳረራት። ይልቁንም ትናንት ስለ ዝምታው እንደዚያ የወረደችበት እሷ፣ ዛሬ ራሷ ዝም ልትል መሆኗ አሳረራት።

«ደምለው ይባላል! አባየ፣ ላገባው ነው!» አለች፣ ጠብ እንደሚፈልግ ሰው ጮኻ።

አቶ ማናዬ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱት። ደምለው ቀና አለ።

«ጥሩየ፣ እኔ ሳልሰማ?»

«አሁን ሰማህ» አለችው፤ እንባዋ እየወረደ፣ አሁንም እንደተቆጣች።